በቀስታ የታጠበ ሥር

ውድ ቀስታ፣

ይህን ቅጽል ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። ለቀልድ ነበር፤ ዛሬ ስጽፈው ግን አፈርኩ። ባለፈው አሁን የምትሠሪበት ዘር መሸጫ ሱቅ ደጃፍ ድረስ መጥቼ በመስኮት አይቼሽ ተመልሻለሁ። ለአንድ ሰውዬ ዘር ትመዝኚ ነበር፣ እንደ ልማድሽ ሳትጣደፊ። መግባት አቃተኝ።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ሥራ የተከፋፈልንበት ቀን ትዝ ይልሻል? የጥጥ ሥር ትል ሲነክሰው ራሱን ለመከላከል ምን ያህል መርዝ እንደሚለቅ፣ ሥሩ ከታጠበበት ውሃ ልንለካ ነበር። ጥጡ በአሸዋ ከተተከለባቸው ማሰሮዎች ትል የገባባቸውን እኔ ወሰድኩ፣ ጤነኞቹን አንቺ። አንቺ ማሰሮውን ውሃ ውስጥ ነክረሽ፣ አሸዋው በራሱ ጊዜ እስኪለቅ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያለሽ። እኔ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደብደብ አድርጌ፣ ሥሩን ይዤ አራግፌ፣ ከዚያ ወደ ሻይ።

«ኧረ ቀስ በይ፣ ያመዋል እኮ!» ስትዪኝ፣ «እንግዲያው ሐኪም ጥሪለት» ብዬሽ ነበር።

የእኔ ውሃ መርዝ በመርዝ ሆነ፣ ያንቺ ባዶ። አለቃችን ደስታውን አልቻለውም። አንቺን ግን አላስቻለሽም፤ ትል ያለባቸውንም ራስሽ አጠብሽና ከጤነኞቹ ብዙም የማይለይ አገኘሽ። ስብሰባ ላይ፣ «ልዩነቱ ከትሉ ሳይሆን ከእጃችን ቢሆንስ?» አልሽ።

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «እሷ አጥባ እስክትጨርስ እኮ መርዙ አርጅቶ ይሞታል!» አልኩ። ሁሉም ሳቀ፣ አለቃችን ሳይቀር። ጋውንሽን አውልቀሽ ወንበሩ ላይ አንጠለጠልሽውና በዚያው ሥራውን ትተሽ ሄድሽ። ትክክል መሆንሽን አላውቅም ነበር ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ጠርጥሬ ነበር። ግን ስሜ መነሳት የጀመረው ያኔ ነበር፣ እሱን ማጣት ፈራሁ።

አንቺን የሚተካ ሰው ስላልተገኘ ሰሞኑን ጤነኞቹንም ማጠብ በእኔ ላይ ወደቀ። ትል የሚባል ያልደረሰበትን ማሰሮ እንደ ልማዴ አራግፌ ሳጥብ፣ ውሃው መርዝ ሞልቶት አገኘሁት። ቀጫጭኖቹን ሥሮች ስሰባብራቸው የያዙትን ሁሉ ያፈሱታል። ትሉ እኔ ነበርኩ፣ እቴ። ያን ጊዜ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? ውሃውን ገንዳ ውስጥ ደፋሁት። ቧንቧውን ከፍቼ አስወሰድኩት፣ ዞር ብዬም ሰው እንዳላየኝ አረጋገጥኩ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ጋውንሽ እዚያው ወንበር ላይ ነው፤ ማንም አላነሳውም። እሱን ሳይ ሌላ ማሰሮ አንስቼ እንዳንቺ አጠብኩ። ወገቤ ተቆረጠ። መርዝ የሚባል የለም ማለት ይቻላል።

ለአለቃችን ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ለእሷስ ማን ይነግራታል?» አለኝ።

«እኔ።»

«ቀድመሽ ለሳቁት ንገሪያቸው። እኔም ስቄያለሁ።»

ዛሬ ጠዋት ቆሜ ተናገርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንዱም አልሳቀም። አለቃችን ቦታሽ ክፍት ነው ብሏል፤ በራሱ አፍ ሊነግርሽ ይፈልጋል።

ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ ድፍረቱ የለኝም። ትል የገባባቸው ጥቂት ማሰሮዎች ቀርተዋል። ውሃ አጠጣቸዋለሁ እንጂ እጄን አላሳርፍባቸውም። ብትመጪ ባታናግሪኝም ግድ የለም፤ ባልዲውን ሞልቼልሽ እወጣለሁ።

ያቺ ችኩል