«እንስሳ አልታየም» ብለው ለፈረሙልን ሰብሳቢ

ለክቡር የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የበረታ፣ ጉልበትዎም በየማለዳው ሦስት ፎቅ ወጥቶ እኔን ለመቆጣጠር የማይሰንፍ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ገዝታ፣ አሥራ ሁለት እንቁላል አስገብታ፣ እርስዎን ከጡረታ ዕረፍትዎ የቀሰቀሰችዎ የሦስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደብዳቤዬን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ የእርስዎ ውለታ በጓዳ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው።

፩ኛ. በሕንፃው ውስጥ እንስሳ ማርባት ይከለከላል የሚለውን ደንብ ይዘው፣ ኮሚቴውን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰብስበው፣ እንቁላል በእግሩ ስለማይሄድ እንስሳ አይደለም የሚል ውሳኔ ስላስተላለፉልኝ አመሰግናለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ከአባላቱ አንድ ሰው እንኳ አለማስታወሱ ግን ገርሞኛል። ውሳኔው በዚህ ቢያበቃ ምንኛ ባማረ ነበር፤ የመጀመሪያው ጫጩት በታየ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማሽኑ ከነጓዙ ከሕንፃው ይውጣ የሚል ተጨመረበት። ጫጩት ከቅርፊቱ ርጥብ ሆኖ እንደሚወጣ፣ ሳይደርቅ ብርድ ካገኘውም እንደሚሞት ባስረዳ፣ ደንብ አይነካም ተባልኩ። ያን ቀን አልቅሻለሁ።

፪ኛ. መዝገብዎን በብብትዎ ይዘው በየማለዳው ስለመጡልኝ አመሰግናለሁ። አውቶቡስ ነጂው ባለቤቴ እንኳ እንቁላሎቹን ለማገላበጥ እጁን ታጥቦ፣ ትንፋሹን ውጦ ይገባል። እርስዎ ግን ክዳኑን እንደ ድስት ከፈት እያደረጉ፣ በስሎ እንደሆነ የሚያዩ ይመስሉ ነበር። ሙቀቱ ወርዶ እኛ ስንርበተበት፣ እርስዎ ተረጋግተው «እንስሳ አልታየም» ብለው ይፈርማሉ። በእርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ አይደለም። በሰባተኛው ቀን በባትሪ ብርሃን ስመረምራቸው ሦስቱ ባዶ ሆነው ተገኙ፤ ሳምንቱን ሙሉ በቁልምጫ እየጠራሁ ሳጫውታቸው የነበሩት ደግሞ እነሱኑ ነበር።

፫ኛ. ከአሥራ ስምንተኛው ቀን ወዲያ ክዳኑ መከፈት ስለሌለበት «እባክዎ አይክፈቱ» የሚል ወረቀት ለጥፌ ነበር። በሃያኛው ቀን መጥተው ወረቀቱን ጮክ ብለው አንብበው ሲያበቁ ከፈቱት። አንዱን እንቁላል አንሥተው ወደ ጆሮዎ ሲያስጠጉ፣ እኔ መቀሴን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ከውስጥ ጭው ጭው ሲል ፊትዎ ምን እንደመሰለ ለጎረቤት አልናገርም፤ «ዝም በይ፣ እያወራ ነው» ያሉኝን ግን አልረሳውም፤ እኔ ምንም አልተናገርኩም ነበርና። እንቁላሉን እንደ ብርጭቆ በቀስታ መልሰው ክዳኑን ዘጉ፤ መዝገቡም ላይ «እንስሳ አልታየም» ብለው ፈረሙ። እውነትዎን ነው፣ የተሰማ እንጂ የታየ አልነበረም።

በማግስቱ ሲመጡ ሰባቱ ወጥተው፣ ስምንተኛው አንገቱን አውጥቶ ይታገል ነበር። እኔ እንደ ታቃፊ ዶሮ ተነፋፍቼ ማሽኑ ፊት ቆምኩ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢወጡ አንዱም እንደማይተርፍ አውቅ ነበርና። እርስዎ መነጽርዎን አወለቁ። መተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ከዚያም እሪ በሚሉት ጫጩቶች ላይ ጎንበስ ብለው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱና ያንኑ ቃል ጽፈው ሄዱ። በነጋታውም ያለ መነጽር መጥተው እንደዚሁ አደረጉ።

ስምንቱም ደርቀው፣ ላባቸው ተነፋፍቶ፣ ትናንት የባለቤቴ እህት ሰፊ ግቢ ገብተዋል፤ ግቢው ውስጥም በእግራቸው ይሄዳሉ። ዘጠነኛው አልሆነለትም፤ አዝኜለታለሁ።

ዓይንዎን እንደዚያ ቀን ያድክምልኝ፣ ልብዎን እንደዚያ ቀን ያበርታልኝ እያልኩ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሦስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ፣
በይፋ ያልታዩ የስምንት ነፍሶች ሞግዚት

ማሳሰቢያ፦ መነጽርዎ እስካሁን መተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ወልውዬ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልየዋለሁ። ይሁንና ዛሬ ጠዋት ሌላ አሥራ አምስት እንቁላል ስላስገባሁ፣ ለሃያ ሦስት ቀን እኔው ዘንድ በክብር እንዲቆይ በትሕትና እጠይቃለሁ።