ለአባትሽ የቀሩለት ቃላት

ሹዋንግሺ፣ ሁናን
ዘጠነኛው የጨረቃ ወር ሊገባደድ ሲል፣ 1996

የኔ ልጅ ሱላን፣

እንዴት ከረምሽ? ዶንግዋን ሞቃት ነው ይላሉ፤ እዚህ ግን የወንዙ ጭጋግ እስከ ረፋድ አይገፈፍም። የላክሽው ሹራብ ደርሷል። እጅጌው ለአባትሽ ትንሽ ይረዝመዋል፤ ቢሆንም ያሞቀዋል።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። እንዳትደነግጪ ብዬ እስኪሻለው ስጠብቅ ነው። ሩዝ ሊተከል ሲል አባትሽ ጀልባዋን ገልብጦ ስንጥቋን ሲደፍን ወደቀ። ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሏል። አፉ ደግሞ... እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ሆስፒታል ሐኪሙ ውሃ፣ ሩዝ፣ ጫማ እንዲል ለመነው፤ አንዱንም አላለም። ከዚያ ድንገት አንድ የጥንት አባባል ከነቤት መምቻው፣ አንዲት ቃል ሳይስት አወረደው። ሐኪሙ እኔን አይቶ፣ "አይግረምሽ እናቴ፤ በቃል የተጠና ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ሌላ ነው። እሱ አልተነካም" አለኝ።

አባትሽን ታውቂዋለሽ። በራሱ አፍ የተናገረው ጥቂት ነው። ሲቆጣ አባባል፣ ሲያመሰግን አባባል። የሰርጋችን ቀን እንኳ ለእኔ ያለኝ፣ ከስንት ዘመን በፊት ሌላ ሰው ለሌላ ሴት ያለውን ነው። አሁን ሌላው ቋንቋ ሁሉ ሄዶ እነሱ ብቻ ቀሩለት። ውሃ ሲጠማው ጉድጓድ ውስጥ ስለምትኖረው እንቁራሪት የሚባለውን ይላል። ሲርበው ስለ ተንኮለኛዋ ቀበሮ የሚባለውን። እኔም ለመድኩት። በቀደም እትዬ ፔንግ በጭስ የደረቀ ሥጋ ይዛ ልትጠይቀው መጥታ "ታን፣ እንዴት ነህ?" ስትለው የቀበሮዋን ጀመረላት።

"እኔን ነው ቀበሮ ያልከኝ? ታመሃል ብዬ የምተውህ መሰለህ?"

"ኧረ ርቦት ነው እትዬ! ያመጣሽው ሥጋ ሸቶት ነው" አልኳት።

"ታዲያ መጀመሪያ ይጉረስና ይስደበኛ!"

ከስንት ጊዜ በኋላ እዚህ ቤት ተሳቀ።

አመሻሹ ላይ ግን ሳቅ የለም። በወንዙ በኩል ያለው በር ላይ ይቀመጣል። እሱና ወንድምሽ ጂንሻን በጀልባዋ ሰው ሲያሻግሩ የሚጫወቱትን ታስታውሺያለሽ፤ አንዱ የአባባሉን ግማሽ ይላል፣ ሌላው ይጨርሰዋል። አሁን ግማሹን ይልና ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ይጠብቃል። ለመልስ የሚበቃ ጊዜ ሲያልፍ ራሱን ነቅነቅ ያደርግና ሌላውን ይጀምራል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ መጨረሻውን እኔ አልኩለት። የሰው ወሬ ያቋረጥኩ ይመስል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘኝ። ከዚያ ወዲህ አልናገርም። ውሃው ሲንሾካሾክ ግን እኔም ጆሮዬን አቀናለሁ፤ አልደብቅሽም።

ሹራቡን ያለበስኩት ዕለት "ሱላን ናት የላከችልህ" አልኩት። ደረቱን ዳሰሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አፉን ሲከፍት የወጣው ያ ነበር፤ ጂንሻን የሞተው አንቺን ከማዶ ሊያመጣ ጎርፉን ሲሻገር ነው ብሎ፣ በቀብሩ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት የወረወረብሽ አባባል። እዚህ አልደግመውም። ስትሄጂ ዞረሽ ያላየሽን በእሱ ምክንያት መሆኑን አውቃለሁ።

እሱንም የገዛ ድምፁ አስደነገጠው። ራሱን እየነቀነቀ እንደገና ሞከረ፤ ያው ወጣ። በግራ እጁ አፉን በቡጢ መታው።

"ተው! ጥርስህን ልታረግፍ ነው፣ ተው!" ብዬ እጁን ያዝኩት። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ከዚያ በኋላ የማውቀውን አባባል ሁሉ ፈተሽኩ። ሩዝ ስለቅም፣ ልብስ ሳጥብ፣ አባት ልጁን ይቅር በይኝ የሚልበትን እፈልግ ነበር፤ ባገኝ ላስጠናው ብዬ። ልጅ እንዲታዘዝ፣ እንዲችል፣ ወላጁን እንዲጦር የተባለው ስፍር ቁጥር የለውም። አባት ከልጁ ፊት የሚንበረከክበት ግን አጣሁ። የጥንት ሰዎች አላስፈለጋቸውም ይሆን፣ ወይስ እነሱንም አፋቸው እምቢ ብሏቸው?

ስከታተለው ስከታተለው አንድ ነገር ገባኝ። የጂንሻንን ስም ሳነሣ ያንን አባባል አይለውም። ስለ ጎርፉ ሲወራም አይለውም። የሚለው "ሱላን" ስል ነው፤ ሹራቡን ሲለብስ ነው፤ እንደ አንቺ ፋብሪካ የሚሠሩትን ልጆች የሚያመጣው አውቶቡስ ጥሩምባ ሲነፋ ነው። ልጄ፣ ስምሽ አፉ ውስጥ ከዚያ አባባል ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ስምሽን ሊጠራ ሲታገል የሚወጣለት እሱ ብቻ ነው። አሁንማ ድምፁን አለስልሶ፣ ልጁን ለእራት እንደሚጣራ ሰው ነው የሚለው። እትዬ ፔንግ በአጥሩ በኩል "ዛሬም ይረግማታል እንዴ?" ትለኛለች።

"እየጠራት ነው" እላታለሁ።

ለአዲሱ ዓመት ነይ ብዬ አላስጨንቅሽም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ያኔ ደግሞ ባቡሩ መቆሚያም የለው። በርትተሽ ብይ፤ ሳል ከያዘሽ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ። የምትረግጪው ሁሉ ይለዝብልሽ፤ ክፉ ውሃ አያሻግርሽ።

ምናልባት ከመጣሽ ግን፣ ገና ደጃፉን ሳታልፊ ያንን ይልሻል። ጎረቤት ተሰብስቦም ይል ይሆናል። እንደዚያን ቀን ጀርባሽን እንዳትሰጪው። ስምሽ ነውና "አቤት" በይው።

እናትሽ
ሉዎ