በአክብሮት «አልነካውም» ማለትን ላስተማሩን ለመምህርት ጵርስቅላ ሎምባሞ

የጎህ በር ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ
ሆሳዕና፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

በኮሌጃችን የኤሌክትሪክ ሥራ ትምህርት ክፍል መምህርት የነበሩት ጵርስቅላ ሎምባሞ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ዐርፈዋል። የኮሌጁ አስተዳደር፣ መምህራን፣ ሠራተኞችና ሠልጣኞች ይህን ለሕዝብ ስናሳውቅ ሐዘናችን ከባድ ነው። መጽናኛ ግን አላጣንም። ዕድሜያቸውን ከኤሌክትሪክ ጋር ያሳለፉት መምህርታችን ያረፉት በአልጋቸው ላይ፣ በቤተሰባቸው መካከል ነው። በዚህ ሙያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መምህርት ጵርስቅላ በ1965 ዓ.ም. በቃጫ ቢራ ወረዳ፣ በሺንሺቾ ከተማ አቅራቢያ ከአርሶ አደር ቤተሰብ ተወለዱ። የቴክኒክ ትምህርታቸውን በ1986 ዓ.ም. አጠናቀው በአንድ የግል የኤሌክትሪክ ሥራ ድርጅት ተቀጠሩ። በድርጅቱ ከነበሩት ባለሙያዎች ሴት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

በ1994 ዓ.ም. በሌሞ ወረዳ በሚገኝ አንድ ወፍጮ ቤት ሁለተኛ ሞተር እንዲያገናኙ ተላኩ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ስንዴና ገብስ የጫኑ የፈረስ ጋሪዎች በር ላይ ተሰልፈው ነበርና አለቃቸው፣ በሥራ ላይ ያለው ወፍጮ እንዳይቆም ብለው፣ መብራቱ ሳይጠፋ ገመዱን እንዲያገናኙ አዘዟቸው። መምህርት ጵርስቅላ ምንም ሳይናገሩ የዕቃ ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። አለቃው በእርሳቸው ምትክ የጠሩት ባልደረባቸውን አቶ ወልደኪዳንን ነበር። አቶ ወልደኪዳን የሆነውን አልሰሙም፤ ይሉኝታም ያዛቸው፤ እሺ ብለው ገቡ። በዚያ ቀን ግራ እጃቸውን ከክርናቸው በታች አጡ።

ሟች ይህን ቀን ሲያስታውሱ «እኔ እምቢ ያልኩት ለራሴ ብቻ ነው፤ ጮክ ብዬ ብናገር ኖሮ ወልዴ ይሰማኝ ነበር» ይሉ ነበር። አቶ ወልደኪዳን ግን አንድም ቀን ወቅሰዋቸው አያውቁም። ዛሬ የኮሌጃችን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ያለ ጎማ ጓንት ፒንሳ ከእርሳቸው ተቀብሎ የወጣ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

መምህርት ጵርስቅላ በ1997 ዓ.ም. ኮሌጃችንን ሲቀላቀሉ የመጀመሪያውን ሳምንት ትምህርት ያለ ገመድና ያለ ባልቦላ ጀመሩት። ሠልጣኞቹ አንድ በአንድ እየተነሡ፣ አለቃ ሆነው ለሚያዟቸው መምህርት «ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ መብራቱ ሳይጠፋ ግን አልነካውም» እንዲሉ ይደረግ ነበር። መምህርቷ አለቃ ሲሆኑ ይቆጡ ነበር፤ ይለማመጡ ነበር፤ «እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው» ይሉም ነበር። በአማርኛ ያለፈ ሠልጣኝ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ይደግመዋል፤ በከተሞቻችን አለቃው የአባት ወንድም ሊሆን ይችላልና በአፍ መፍቻ ቋንቋ እምቢ ማለት ይበልጥ ይከብዳል። አንዳንድ ጊዜ የአለቃውን ቦታ እንዲይዙ የኮሌጁ ኃላፊዎች ይጋበዙ ነበር። ከእነርሱ መካከል ልምምድ ያላስፈለጋቸው እንደነበሩ አንክድም።

በ2006 ዓ.ም. መምህርት ጵርስቅላ ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ አደገኛ ሥራ አልሠራም ያለ ሠልጣኝ ወይም ሠራተኛ እንዳይቀጣና በእርሱ ቦታ ሌላ ሰው እንዳይታዘዝ ኮሌጁ ደነገገ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው በስብሰባ ላይ የተቃወሙ ነበሩ። እርሳቸውም ስለ ንጉሥ ሳይሆን ስለ ባልቦላ እየተናገሩ መሆናቸውን አስረድተው ስብሰባውን በሳቅ ፈቱት።

ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሆሳዕና፣ በሺንሺቾና በዱራሜ እየተዘዋወሩ ለወፍጮ ቤት ሠራተኞችና ለበያጆች ትምህርት ሰጥተዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ብሂል በተግባር አሳይተውናል። ለዚህም እናመሰግናቸዋለን፤ እንወዳቸውም ነበር።

የቀብራቸው ዕለት የሆነውንም ማሳወቅ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ከሺንሺቾና ከሌሞ የመጣው ለቀስተኛ ብዙ ነበር፤ ዝናቡም ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የቀብር አስፈጻሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ምክትል ዲናችን አቶ ብዙነህ ጸሎቱ ለሁሉም እንዲሰማ፣ ለመምህርቷም ክብር ሲባል፣ ሠልጣኞች ሞንታርቦ በፍጥነት እንዲገጥሙ አዘዙ። ተቀጥሎ የተዘረጋው ገመድ በድንኳኑ ሥር በተኛ ውኃ ውስጥ ያልፍ ነበር። የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ ምሕረት በሰው ሁሉ ፊት ቆማ «ጋሼ ብዙነህ፣ አከብርዎታለሁ፤ ገመዱ ውኃ ውስጥ ነው፤ አልነካውም» አለች። አቶ ብዙነህ በሐዘን ተይዘው ነበርና ወደ ሠልጣኝ ሚኪያስ ዞሩ። ሚኪያስ ፒንሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሌሎቹም አስቀመጡ። አቶ ወልደኪዳን ሄደው የማከፋፈያውን ሳጥን በአንድ እጃቸው ዘጉና ፊቱ ቆሙ።

አቶ ብዙነህ አለቀሱ። ትእዛዛቸውንም እዚያው አነሡ። ጸሎቱ በሰው ድምፅ ተደረገ፤ ዘማሪዎቹም ዝናቡን ለመብለጥ የቻሉትን ያህል ጮኹ።

ኮሌጁ ሠልጣኝ ምሕረትን፣ ሠልጣኝ ሚኪያስንና ጓደኞቻቸውን በዚህ መግለጫ ያመሰግናል። የመምህርት ጵርስቅላ የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት ከመጪው መስከረም ጀምሮ በሁሉም የትምህርት ክፍሎች ይሰጣል። የአለቃውን ቦታ ለመያዝ አቶ ብዙነህ በራሳቸው ፈቃድ ተመዝግበዋል።

ለባለቤታቸው ለአቶ አጵሎስ፣ ለልጆቻቸው፣ በሺንሺቾ ለሚገኙ ቤተሰቦቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልን። ከድንኳኑ ውጭ በዝናብ ቆመው የጸሎቱን ቃል ያልሰሙ ለቀስተኞችንም ይቅርታ እንጠይቃለን። ሠልጣኞቻችን ግን በዚያ ዕለት ሁሉም በደኅና ወደየቤታቸው ገብተዋል።