ያልፈረምሽው ወረቀት

ለእታለሜ፣

ከተለየሽን ስምንት ወር አለፈ። እማዬ ከሏን አላወለቀችም። አልጋሽን ግን ሙቀቱ ሲብስ ወደ ግቢው አውጥታ እኔ እንድተኛበት ፈቅዳልኛለች። አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ለሌላ ነው፤ የስንብት ክፍያሽ ተፈቀደ።

ሳንባሽ የሽመና ክፍሉን ብናኝ አልችል ብሎ ከፋብሪካው የወጣሽበትን ቀን አልረሳውም። በየዛፉ ጥላ እየቆምሽ፣ እየተነፈስሽ አብረን ሄድን። የአስተዳደሩ ጸሐፊ ለሁሉም እንደሚያደርገው ተጽፎ ያለቀ ወረቀትና የጣት ቀለም አቀረበልሽ። ልማዱ አውራ ጣትን ነክሮ ማተም ነበር፤ አንብቡልኝ የሚል አልነበረም። አንቺ ግን በመሠረተ ትምህርት የለየሻቸውን ፊደሎች በጣትሽ እየተከተልሽ ማንበብ ጀመርሽ። ሰልፉ አጉረመረመ። እኔም አፈርኩብሽ። «በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄአለሁ» የሚለው ላይ ስትደርሺ ቀና ብለሽ፣ «አቦ፣ እኔ መች ፈቀድኩ? ሳንባዬን ጠይቁት» አልሽው። ሴቶቹ ሳቁ። ጸሐፊው አልሳቀም፤ የወሩን ደመወዝሽን እንኳ ሳይሰጥ መለሰሽ።

በመንገድ ላይ የተናገርኩሽ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ለመድኃኒት እንዲሆነን ፈርመሽ ብትቀበይ ምን ነበረበት አልኩሽ። አልተቆጣሽኝም። በፈቃዱ የለቀቀ የስንብት ክፍያ እንደማያገኝ፣ በሕመም ለወጣ ግን ሕጉ እንደሚፈቅድለት፣ ከፈረምሽ የአሥራ አንድ ዓመት ድካምሽ በአንድ መስመር እንደሚሰረዝ እያረፍሽ አስረዳሽኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም።

ወረቀቱን ሳትፈርሚ ይዘሽው መጥተሽ ነበር። ካረፍሽ በኋላ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሐኪም ማስረጃሽ ጋር አያይዞ ተከራከረበት። ብዙ ተጓተተ፤ በመጨረሻ ክፍያው ለእማዬ እንዲሰጥ ተወሰነ።

ባለፈው ሐሙስ ልንቀበል ሄድን። ፊደል የማታውቀው እናታችን ደረሰኙን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፤ ጣቷን ቀለም ያስነካችው ከዚያ በኋላ ነው። አጠገብሽ ትሠራ የነበረችው፣ ከመልካ ጀብዱ መንደር የምትመጣው አሚና ዓይኗ ደክሞ ልትሰናበት ከኋላችን ቆማ ነበር። ወረቀቷን ዘረጋችልኝና «የእሷ ወንድም፣ ለእኔም አንብብልኝ እንጂ» አለችኝ። ያው መስመር ነበረበት። ስነግራት አውራ ጣቷን በሻሿ ጫፍ ጠቀለለችው። ቀጥለው የቆሙት ሴቶችም ወረቀታቸውን ወደ እኔ አቀበሉ። ጸሐፊው የቀለሙን ክዳን ገጠመ።

እታለም፣ በትምህርት ቤት የምጠራው በስሜ ነው፤ በፋብሪካው በር ግን የእሷ ወንድም ነኝ። ስጠራበት ቀና ብዬ ነው የምሄደው። የአሚና ጉዳይ ገና አላለቀም። ማመልከቻዋን ጽፌላት ትናንት ለማኅበሩ ሰጥተናል፤ ቀጠሮዋ ማክሰኞ ስለሆነ ከትምህርት አስፈቅጄ አብሬያት እቆማለሁ። እሷ እስክታገኝ ድረስ፣ ከእሷም በኋላ ለሚመጡት፣ ከመፈረማቸው በፊት አነብላቸዋለሁ። አንቺን የማስታውስሽ እንዲህ ነው።

ወንድምሽ