የአባባ ኮምፒውተር ተነስቷል

ውድ ወንድምጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ይህን የምልህ ለወጉ ያህል አይደለም፤ የምር ደህና ነን። በስልክ «ሥራዬን ለቅቄ እመጣለሁ» ካልከኝ ወዲህ መልስ ሳሰላስል ነው የከረምኩት። ስልክ ላይ ተከራክሬ አሸንፌህ ስለማላውቅ በጽሑፍ ልሞክርህ። እዚህ መሀል ገብተህ አታቋርጠኝም።

አባባ ከታመሙ ወዲህ አንደበታቸው እንዳልተመለሰ ታውቃለህ። ግራ እጃቸው ግን ደህና ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅሙ የኖሩ ሰው፣ ኪቦርዱን ሳያዩ ነው የሚመቱት። ብዕር በግራ አልሆነላቸውም። ስልክ ብንሰጣቸው ገፋ አድርገው መለሱልን፤ ፊደሉ ለጣታቸው ጠቧቸው ነው መሰል። ስለዚህ ሳሎን ጥግ ያለው አሮጌው ኮምፒውተር አፋቸው ሆነ። እማዬን የሚነዘንዟት በሱ፣ ለአንተ የሚጽፉት በሱ፣ «ሾርባው ጨው የለውም» የሚሉትም በሱ ነው።

ኮምፒውተሩ የተበላሸ ዕለት ጠዋት እማዬ አብርታላቸው ወደ ኩሽና ገባች። አርማው ብቅ አለ፣ ከሥሩ ያለችው ክብ መዞር ጀመረች፣ ከዚያ ቀጥ። ቢያጠፉት ቢያበሩት ያው ነው። አባባ እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ እንዳሳረፉ እስከ ምሳ ተቀመጡ። በማግስቱ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስዞሩ። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። የሚሉት ሞልቷቸው ሳለ ነው የተቆለፈባቸው።

ጠጋኝ ጠራን። አየት አድርጎ «ፎርማት መደረግ አለበት። ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ግን እንደ አዲስ ይሆንላችኋል» አለ። አንተም ስልክ ላይ ያልከው ይህንኑ ነው። አባባ ሰሙት። ተነሥተው እግራቸውን እየጎተቱ መጡና መዳፋቸውን ኮምፒውተሩ አናት ላይ ጫኑ። ስለ ማተሚያ ቤቱ የጀመሩት ትዝታ፣ ከእማዬ ጋር የተባባሉት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሰውዬውን «ለጊዜው ይቆየን» ብዬ ሸኘሁት።

ቅዳሜ ጠዋት እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ተማሪዎቼን የማሰለቻቸው አንድ ምክር አለችኝ፦ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ አለዚያ ጥፋተኛውን አታገኙትም። ፕሪንተሩን፣ ፍላሹን፣ ካሜራውን ነቀልኩ። ያው ቀጥ። የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ እንዲነሳ አዘዝኩት፤ እዚያም ቀጥ። እንግዲህ ነገሩ ከፕሮግራሙ ሳይሆን ከዕቃው ይሆናል ብዬ፣ ከሶኬት ነቀልኩና ጎኑን ፈታሁት።

እማዬ በር ላይ ቆማ «ልጄ፣ የማታውቂውን አትፍቺ» አለችኝ።

«የፈታሁትን መልሼ እገጥማለሁ፣ እማዬ።»

«ሰዓቴንም እንዲሁ ብለሽኝ ነበር።»

«ሰዓትሽን የፈታው ወንድምጋሼ ነው።»

ትንሽ አሰበችና «እውነትሽን ነው» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የእጅ ባትሪውን አብርታ ያዘችልኝ።

ውስጡ በአቧራ ታፍኗል። በብሩሽ ጠረግኩት፤ አሁንም ቀጥ። ቀጥሎ ሜሞሪ የሚባሉት ቀጫጭን ሰሌዳዎች ላይ ዓይኔ አረፈ። ሁለት ናቸው፦ አንዱ ከጥንት የነበረው፣ ሌላው አንተ ከመሄድህ በፊት «ይፍጠንላቸው» ብለህ የጨመርክላቸው። የጥንቱን አውጥቼ ባንተው ብቻ ሞከርኩ፤ ቀጥ። ያንተን አውጥቼ የጥንቱን ብቻ መለስኩ። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ የአባባ ፎቶ ያለበት ስክሪን ወለል ብሎ መጣ። ግምት ብቻ እንዳይሆንብኝ ያንተን በሌላው ማስገቢያ ሰካሁት፤ እንደገና ቀጥ። ነቅዬ አስቀመጥኩት።

አዎ፣ ስጦታህ ነው ያስቸገረን። አትዘን፤ ዕቃ ነው፣ ይበላሻል። አሁን ኮምፒውተሩ ትንሽ ይጎተታል፤ አባባም በአንድ እጃቸው ስለሆነ እኩል ይሄዳሉ። የጻፉትን በሙሉ ሌላ ቦታ ገልብጬ አስቀምጫለሁ።

«አባባ፣ ይምጡ» አልኳቸው። ከመስኮቱ ዞር ብለው አዩኝ፤ አላመኑኝም። እማዬ ክንዳቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ተቀመጡ፣ ጣቶቻቸውን አፍታቱ፣ ከዚያ እንዲህ ብለው መቱ፦ «ሳምንቱን ሙሉ ብቻሽን ስታወሪ ሰማሁሽ። አንዳንዱ ትክክል አልነበረም።»

እማዬ ጮክ ብላ አነበበችውና «የቱ ነው ትክክል ያልነበረው?» አለች።

እሳቸውም መዘርዘር ጀመሩ። እኔ ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። የኪቦርዱ ድምፅና የእማዬ ክርክር ሲመጣልኝ፣ ሳላስበው አለቀስኩ። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ለአንተ ግን ልንገርህ።

ወንድምጋሼ፣ ሥራህን እንዳትለቅ። እኔ አንተን አልተካም፤ ሆኖም ቤቱ ሰው አለው። እኔ አለሁ፣ እማዬም ካሰብነው በላይ ብርቱ ናት። አባባም ትናንት ወደ አንተ የሚላክ ብለው ረጅም ነገር ሲጽፉ ዋሉ፤ ልየው ስል ስክሪኑን በእጃቸው ሸፈኑብኝ። ዛሬ ማታ ይደርስሃል። ስትናፍቀን ና፤ ስትጨነቅ ግን ደውል። በእንግዳ ደንብ እንድንቀበልህ፣ ምንም ነገር ልትጠግን ሳይሆን ልትጫወት ብቻ ና።

ባትሪ መያዝ የለመደችው እማዬ ሰላም ብላሃለች።

የማትበገረው እህትህ