በእጄ የዞረው ቁስል

ይድረስ ለልጄ ለእህተ ማርያም። የጎንደር ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጤናሽስ፣ የነርስነት ትምህርትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። እናትሽን ግን ደህና ናት ብዬ ልጽፍልሽ አልቻልኩም።

ማንኩሳ ሳለን እግሯን መጥረቢያ እንደመታት ጽፌልሽ ነበር። ቡሬ ካለች አንዲት ክሊኒክ ከተኛች ዛሬ አሥራ ስድስት ቀኗ ነው። ቁስል የሚያክመው ድሬሰር፣ አቶ ቢሆነኝ፣ ሰፍቶላት ቁስሉ ሊገጥም ደርሶ ነበር፤ በስምንተኛው ቀን አብጦ መግል ያዘ። ፔኒሲሊን ጠዋትና ማታ ብትወጋም ትኩሳቷ አልበረደም። ቢሆነኝ፣ «መምህር፣ ይህ ተውሳክ መድኃኒቱን ለምዶታል፤ እኛ ዘንድ ያለው ደግሞ ይኸው ብቻ ነው» አለኝ። በአሥር ቀን ውስጥ ካልተሻላት ደብረ ማርቆስ ተወስዳ እግሯ ይቆረጣል።

እንደ ልማዴ በክፍሉ ከተኙት ሕሙማን የማን ቁስል መቼ እንደከፋ በደብተር እይዝ ነበር። መጀመሪያ በር አጠገብ የተኛው ዘሩ፣ ቀጥላ አጠገቡ የተኛችው አቻምየለሽ፣ ከዚያ ጥግ ያለችው እናትሽ። ድሬሰሩን ጠረጠርኩ። እሱ ግን ከጥግ ጀምሮ ወደ በር ነው የሚሠራው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍም እጁን ይታጠባል።

ከበር ወደ ጥግ የምዞረው እኔ ነኝ። የራስን ሰው ብቻ ጠይቆ መቀመጥ ነውር ነው ብዬ፣ በየማለዳው የዘሩን ፋሻ አጠብቃለሁ፤ የአቻምየለሽን እግር ትራስ ላይ አደርጋለሁ፤ በዚያው እጄ የእናትሽን ቁስል ከዝንብ እሸፍናለሁ። ዘሩማ «እጅዎ ከድሬሰሩ ይለሰልሳል» እያለ ይመርቀኝ ነበር።

ደብተሩን ለቢሆነኝ አሳየሁት። አልተቆጣኝም፤ ባለመቆጣቱ የባሰ ፈራሁ።

ዛሬ ጠዋት መግባት ፈርቼ በመስኮት ሳነጋግራት እናትሽ፣ «ምነው፣ ሸተትኩዎት እንዴ?» አለችኝ። ታጥቤ ገባሁና እጄን ጋቢዬ ውስጥ እንደያዝኩ ሁሉንም ነገርኳት። እሷም፣ «ለዘሩ አይንገሩት። ከእኔ ነው የወጣው ብሎ ይጨነቃል» አለች።

ልጄ፣ ይህ ተውሳክ ያልለመደው ሌላ መድኃኒት ካለ መምህሮችሽን ጠይቀሽ ቶሎ በአውቶቡስ ላኪልኝ። አንቺ የመጣሽ እንደሆነ ሳትታጠቢ እንዳትስሚያት።

አክስትሽን ሸጋዬን፣ ባለቤቷን አቶ እጅጉን፣ ትንሿን ዓለምብርሃንን ሰላም በይልኝ። ይህን የጻፍኩት እስከ ክርኔ በሳሙና ታጥቤ ነው። አንቺም አንብበሽ ስትጨርሺ ታጠቢ፤ እጄን ከእንግዲህ አላምነውም።

አባትሽ ገብረ ሕይወት
ቡሬ፣ ጥር 23 ቀን 1960 ዓ.ም.