ሦስት ወደ ታች፣ አንድ ወደ ቀኝ

ውድ የጨለማ ክፍል ጓዴ፣

ጤናህን ሳልጠይቅ ወሬዬን ልጀምር፤ ታውቀኛለህ፣ ደስታ ሆዴ ውስጥ አያድርም። አሸነፍኳቸው! አስራ አንድ የተማረ ሰው ባንድ ወገን፣ እኔ መሃይሙ ባንድ ወገን፣ በጠራራ ፀሐይ። ይህን ደብዳቤ እየጻፈችልኝ ያለችው ማን መሰለችህ? ዋናዋ ተሸናፊ፣ ፋርማሲስቷ። ቅጣትሽ ይኸው ነው ብያታለሁ፤ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ፣ አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ።

(«ዋናዋ» የሚለው ይውጣ አለችኝ። አይወጣም፣ ጻፊ አልኳት።)

ስቱዲዮውን ዘግተን አንተ ወደ ልጅህ ከሄድክ ወዲህ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። አንዲት ዲጂታል ካሜራ ይዤ እየዞርኩ ሰው አነሳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ካሜራ የሚወዱ ሰዎች በመነጽር ሠሪው ሱቅ የጓሮ ክፍል እንሰበሰባለን። ከመካከላችን አንዱ ኢንጂነር ነው፤ ለካሜራዎቻችን የሚሆን ሶፍትዌር በገዛ እጁ ይሠራል፣ ሁላችንም እንጭነዋለን። ካሜራው የማይችለውን ያስችለዋል። ታዲያ ትእዛዙ ሁሉ ያለው ሜኑ የሚሉት ውስጥ ነው፤ በካሜራው ጀርባ ስክሪን ላይ የተደረደረ የጽሑፍ መዓት።

እኔና ጽሑፍ እንዴት እንደሆንን ደግሞ አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው። ሠላሳ ዓመት ፖስታው ላይ ስም የጻፍከው አንተ፣ የደንበኛ ወረቀት ያነበብክልኝ አንተ። «ለማንም እንዳትናገር፣ ይንቁሃል» ያልከኝም አንተ። አልተናገርኩም። ሜኑውን በአውራ ጣቴ ቆጥሬ ያዝኩት። ብርሃን ለመጨመር ሦስት ወደ ታች፣ አንድ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ እሺ። ሌላውንም እንዲሁ። ማንም አልጠረጠረኝም፤ እንዲያውም «አባባ እንዴት ይፈጥናሉ!» ይሉኝ ነበር።

ዘንድሮ ሜኑው ረዘመና አርባ ደረሰ። ከመካከላችን ፋርማሲስቷ ተነሳች። «ይሄ ዝም ብሎ የተዘረገፈ ነገር በፊደል ተራ ይሁን። እኔ መደርደሪያዬን በፊደል ተራ ባላደርገው ኖሮ ስንቱን ሰው በፈጀሁት!» አለች። ብዙው ሰው ተስማማ። ኢንጂነሩ ለሙከራ ሠራውና የሁላችንም ካሜራ ላይ ጫነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ድምፅ ይሰጥበታል ተባለ።

ማክሰኞ የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ እናት አነሳሁ። ዘጠና ዓመታቸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ፎቶ እንቢ ብለው፣ በልጃቸው ልመና ገና ያን ቀን የተቀመጡ ሴት። ግማሹን አንስቼ ብርሃን ልጨምር ብዬ ጣቴ እንደለመደው ሦስት ወደ ታች፣ አንድ ወደ ቀኝ፣ እሺ። ማሽኑ የሆነ ነገር ጻፈ። መቼም መጻፍ አመሉ ነው፤ ደግሜ እሺ አልኩት። ለካ ያ ቦታ አሁን የማጥፊያው ሆኗል። «ሁሉም ይጥፋ? እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠይቆኛል አሉ። እኔ ደግሞ እርግጠኛ ነበርኩ! አንዲት ፎቶ አልቀረች።

ለልብስ ሰፊው «ካሜራው ተበላሸ» አልኩት። በዚህ ሽበቴ ዋሸሁ። እሱም «ሁለተኛ እሺ አይሉኝም እኮ» ብሎ አንገቱን ደፋ። የፊደል ተራው ካለፈ የእኔ ነገር አበቃ፤ ካሜራዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እሱን እያየሁ መቀመጥ ነው።

ቅዳሜ ክርክሩ ሲያልቅ ኢንጂነሩ ወደኔ ዞረ።

«አባባ፣ እርስዎስ?»

ብድግ አልኩ። «ማንበብ አልችልም» አልኩ።

መነጽር ሠሪው አዘነልኝ። «ይህን ያህል ዝም ይላሉ? ነገ ይምጡና ዓይንዎን እለካልዎታለሁ።»

«ዓይኔ ካንተ ዓይን ይበልጣል! ፊደል ነው የማላውቀው።»

ፋርማሲስቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ምን ችግር አለ አባባ፣ ለእርስዎ ብቻ በሥዕል ይደረግልዎታል» አለችኝ። እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው።

«ለእኔ ብቻ የሚባል ነገር አልፈልግም። የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ» አልኳቸውና ያንተን ጉድ ነገርኳቸው። ጨለማ ክፍሉን አጸዳሁ ብለህ ፊልም የሚታጠብባቸውን ሳህኖች ያቀያየርክበትን ቀን። የሙሽሮቹን ፊልም ምስል የሚያወጣው ውስጥ የነከርኩ መስሎኝ በጨለማው መጨረሻ የሚገባበት ማጽኛ ውስጥ ከትቼው፣ ባዶውን እንደ ውሃ ጠርቶ የወጣውን። ሦስት ቀን ያኮረፍኩህን። ከዚያ በኋላ ሳህኖቹ የሚቀመጡበትን በቀለም ከብበን፣ ሠላሳ ዓመት አንዲት ጣት ያህል ያላነቃነቅናቸውን።

«አሁን እኮ ጨለማ ክፍል የለም» አለች።

«አለ። ዓይንሽ የምታነሺው ሰው ላይ ሲሆን ሜኑው ጨለማ ውስጥ ነው። ካላመንሽ ከቦርሳሽ ፕላስተር አውጪ።»

የሁለታችንንም ካሜራ ስክሪን በፕላስተር ሸፈንነው። የእኔ ላይ የድሮው ሜኑ ተመለሰ፣ የእሷ ላይ የራሷ ፊደል ተራ ቀረ። መነጽር ሠሪው ከመስኮቱ ተነስቶ እስከ ጨለማው ጥግ ይራመድ፤ እኛ በማነጣጠሪያዋ ቀዳዳ ብቻ እያየን፣ ብርሃኑን እያስተካከልን እናንሳው ተባባልን።

ተራመደ፣ አነሳን። ፕላስተሩ ሲላጥ የእኔው መነጽር ሠሪ ጥጉ ውስጥ ቆሞ የሸሚዙ ቁልፍ ይቆጠራል። የእሷ ከሰል ሆኗል።

«እርስዎ የድሮውን ስለለመዱት ነው!» አለች።

«መልመድ የሚቻለው የማይንቀሳቀስ ነገር ነው፣ ልጄ። ያንቺ ተራ አዲስ ነገር በገባበት ቁጥር ሌላው ሁሉ ይገፋል። ማን ሊለምደው?»

ካሜራዋን እንደገና አየችው። «ሰውዬው የት ገባ?» ብላ ሳቀችና እጇን ከሁሉም ቀድማ አወጣች። ለእኔ! (ይህንን ስትጽፍ ፈገግ ብላለች።) ከዚያ አስራ አንዱም እጅ ወጣ። ተወሰነ፦ የድሮው ተራ ይመለሳል፣ ማንኛውም ትእዛዝ ቦታውን አይለቅም፣ አዲስ የሚመጣ ከታች ይገባል። ማጥፊያው ብቻውን ርቆ ይቀመጣል፤ እስከ አምስት እየቆጠሩ ተጭነው ካልያዙት አይሠራም።

ሰኞ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኩት። መርፌውን አፉ ላይ እንደያዘ አየኝ፣ አየኝና «እኔስ ስንቱን ሱፍ አበላሽቼ ጨርቁ አጠረ ብያለሁ» አለኝ። እናቱን አብረን ለመንናቸው። ተቀመጡ። የተመለሰልኝን ሜኑ ይዤ ፊታቸው ተንበረከክሁ፤ ዓይኔን ከፊታቸው ለአፍታ አላነሳሁም።

«ያን ለት ማሽንህን ነበር የምታየው፤ ዛሬ እኔን እያየህ ነው» ብለው ሳቁ።

ሦስት ወደ ታች፣ አንድ ወደ ቀኝ፣ እሺ። ያቺን ሳቅ ያዝኳት። ፖስታው ውስጥ አለችልህ፤ መስኮት ዳር ሄደህ እያት፣ የቀሩትን ሁለት ጥርሶች ሳይቀር ታያለህ።

ይንቁሃል ያልከኝ ለእኔ ብለህ ነው፣ አልተቀየምኩም። ግን ተሳስተሃል፤ ይኸው በጽሑፍ። ሳህኖቹን ያቀያየርክበትንም ዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ያ ቀን ባይኖር ምን ብዬ እከራከር ነበር?

ፋርማሲስቷ ስምዎን ልጻፍልዎት አለችኝ። ተዪው፣ ቀለም አምጪ አልኳት። ከዚህ በታች ያለው አውራ ጣቴ ነው። ያሸነፈው እሱ ነውና ይፈርም።